ሳውዝ ዳኮታ፦ ከደመወዝ ያልተቆረጠው ታክስ በየት በኩል ይከፈላል? (ሱ ፎልስና አካባቢው)

ወለላ_ሱፎልስ

ከሚኒሶታ፣ ከአዮዋና ከኔብራስካ ወደ ሱ ፎልስ ለመዛወር የሚያስቡ ወገኖች ደጋግመው የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው። «እዚያ ኢንካም ታክስ የለም፣ ያዋጣል አይደል?» መልሱ እንደ ቤተሰቡ ይለያያል። ስለዚህ ሒሳቡን በዝርዝር አንድ ቦታ ላይ እናስቀምጠው። የምታውቁ ጨምሩበት፣ የተሳሳተ ካለም አርሙ።

እውነት ነው፣ ሳውዝ ዳኮታ ከደመወዝ የስቴት ኢንካም ታክስ አይቆርጥም። ደብልዩ-2 (አሠሪው በየዓመቱ የሚሰጠው የደመወዝና የተቆረጠ ታክስ ማስረጃ) ላይ የፌደራል፣ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ብቻ ነው የምታዩት። ስቴቱና ከተሞቹ ግን ትምህርት ቤትና መንገድ በነፃ አያገኙም። ገንዘቡን የሚሰበስቡት በዋናነት በሴልስ ታክስ (ዕቃ ሲገዛ በሚከፈለው) ነው፤ ካውንቲና ትምህርት ቤት ደግሞ በፕሮፐርቲ ታክስ (በቤትና በመሬት ላይ በሚከፈለው)።

የስቴቱ ሴልስ ታክስ 4.2 በመቶ ነው። 4.5 የነበረው በ2023 በወጣ ሕግ ዝቅ ብሎ ነው፤ ሕጉ ቅናሹን የሰጠው እስከ ጁን 30፣ 2027 ነው። ከተማው እስከ 2 በመቶ ይጨምርበታል። ሱ ፎልስ 2ቱንም ትወስዳለች፣ ድምሩ 6.2 ይሆናል። ሬስቶራንት ስትበሉ ወይም አልኮል ስትገዙ ከተማው ሌላ 1 በመቶ ስላለው 7.2 ትከፍላላችሁ፤ ሆቴል ስታድሩ ደግሞ የስቴቱ 1.5 በመቶ የቱሪዝም ታክስ ተጨምሮ 8.7 ይሆናል።

ከሌላ ስቴት የሚመጣን ሰው የሚያስደነግጠው የምግቡ ነገር ነው። ዱቄት፣ ዘይት፣ ሽንኩርት፣ ወተት፣ ሥጋ፣ እንጀራ፣ ሁሉም ሙሉውን 6.2 ይከፈልበታል። ሚኒሶታና አዮዋ ያልበሰለ ምግብ ላይ ምንም አይጠይቁም። በወር 900 ዶላር አስቤዛ የሚገዛ ቤተሰብ 55 ዶላር ከ80 ሳንቲም ለታክስ ያወጣል፤ በዓመት 669.60። ልብስ፣ ሳሙና፣ ስልክ፣ መብራት፣ የመኪና ጥገናም አለ። ለእነዚህ በወር 700 ዶላር ብናስብ በዓመት 520.80 ይደረባል። ሁለቱ አንድ ላይ 1,190 ዶላር አለፉ። ይህ ገንዘብ በአንድ ጊዜ ስለማይወጣ ማንም አይቆጥረውም።

በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት ነፃ ነው። ያለ ማዘዣ የሚገዛው ግን ይታክሳል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ላይም ሴልስ ታክስ የለም።

ደረሰኝ_ያዥ

በምግቡ ላይ ልጨምር። በፉድ ስታምፕ (ስናፕ) ካርድ የተገዛ ምግብ ሴልስ ታክስ አይከፈልበትም፤ ይህ የፌደራል ሕግ ስለሆነ ሳውዝ ዳኮታም ትገዛበታለች። የዊክ (ለእርጉዞች፣ ለእናቶችና ለሕፃናት የሚሰጥ የምግብ እርዳታ) ግዢም እንዲሁ። ካርዱ ላይ ያለው ገንዘብ ሳይበቃ ቀርቶ ቀሪውን በጥሬ ከከፈላችሁ ታክሱ በጥሬ በተከፈለው ላይ ብቻ ነው መሰላት ያለበት። ትንንሽ ሱቆች ካሽ ሬጅስተራቸው በትክክል ካልተስተካከለ ጠቅላላው ላይ ይመታል። ደረሰኙን ተመልከቱ፣ ወዲያው ጠይቁ፤ ባለሱቁ ራሱ ማስተካከል ይችላል።

ይህን የምግብ ታክስ ለማንሳት በኖቬምበር 2024 ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ ነበር፣ አላለፈም። የተጻፈበት ቃል ሰፊ ስለነበር ከምግብ አልፎ ሌላ ገቢም ያሳጣል፣ ያንን ለመተካት ሌላ ታክስ ይመጣል የሚለው ክርክር አሸነፈ። እኔ ዛሬም የምለው፣ ልጅ በበዛበትና ገቢው ባነሰ ቤት ላይ ከሁሉ የበለጠ የሚከብደው ይሄ ታክስ ነው። በዓመት 200 ሺህ የሚያገኝ ሰው ከገቢው ለአስቤዛ የሚያወጣው ጥቂት እጅ ነው። 45 ሺህ የሚያገኝ ባለ አራት ልጅ አባት ግን ሩቡን ለምግብ ሊያወጣ ይችላል።

መስፍን_ዘወርቲንግተን

ሰላም ለሁላችሁ። ሚኒሶታ ካሉት ከወርቲንግተን ወይም ከሉቨርን ተነስቶ ለሚዛወር ሰው ንጽጽሩን በቁጥር የሚያሳይ ሰው ካለ? ለምሳሌ 60 ሺህ ዶላር የሚያገኝ ላጤ፣ እና በድምሩ 60 ሺህ የሚያገኙ ሁለት ልጆች ያሏቸው ባልና ሚስት።

ሒሳብ_በእርሳስ

መስፍን፣ በ2025 የሚኒሶታ ተመን እንየው።

ላጤው፦ ከ60 ሺህ ላይ የስቴቱ ስታንዳርድ ዲዳክሽን (ታክስ ሳይሰላ በፊት ከገቢ ላይ የሚቀነስ የተወሰነ መጠን) 14,950 ሲቀነስ 45,050 ይቀራል። የመጀመሪያው 32 ሺህ ተኩል ገደማ በ5.35 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ያለው በ6.8 በመቶ ይታክሳል። ድምሩ 2,600 ዶላር አካባቢ ይመጣል። ይህ ሰው ወደ ሳውዝ ዳኮታ ቢዛወር ይህን ሁሉ አይከፍልም። ምግብ ላይ የሚጨምርበት 250 ወይም 300 ዶላር ቢሆን ነው። በግልጽ ይጠቀማል።

ባልና ሚስቱ፦ ስታንዳርድ ዲዳክሽኑ 29,900 ነው፣ በየልጁ ደግሞ ከ5 ሺህ በላይ ይቀነሳል። ታክስ የሚከፈልበት 20 ሺህ የማይሞላ ገንዘብ ይቀራል። በ5.35 ሲመታ 1,050 ገደማ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚረሳው አለ። ሚኒሶታ በየልጁ እስከ 1,750 ዶላር የሚደርስ የራሷ የልጅ ክሬዲት (ከታክሱ ላይ በቀጥታ የሚቀነስ፣ ከታክሱ ከበለጠም የሚመለስ ገንዘብ) አላት። ገቢ ሲያድግ ይቀንሳል፣ በ60 ሺህ ላይ ግን ለሁለት ልጆች ጥቂት መቶዎች ይተርፋሉ። ስለዚህ እውነተኛው የሚኒሶታ ኢንካም ታክሳቸው ጥቂት መቶ ዶላር ነው። ገቢያቸው 45 ሺህ ቢሆን ጭራሽ ተመላሽ ሊያገኙ ይችላሉ።

እነዚህ ባልና ሚስት ሱ ፎልስ ሲገቡ ለአስቤዛ ብቻ በዓመት 670 ይከፍላሉ። ተከራይ ከሆኑ ደግሞ ሚኒሶታ ለተከራይ የምትሰጠውን ክሬዲት ያጣሉ፤ ሳውዝ ዳኮታ ለሚሠራ ተከራይ እንዲህ ያለ ነገር የላትም። በታክስ ብቻ ካየነው ለዚህ ቤተሰብ መዛወር ኪሳራ ሊሆን ይችላል። ኪራይ ረክሶ ወይም ደመወዝ ጨምሮ ካዋጣቸው ጥሩ። «ኢንካም ታክስ የለም» የሚለው ብቻውን ግን ምክንያት አይሆናቸውም።

ወለላ_ሱፎልስ

በእርሳስ የሠራኸው ሒሳብ ይባረክ። አንድ ነገር ግን ሁለቱም ወገን ይወቀው፤ ሚኒሶታ ሄዶ ያለ ታክስ ልብስና አስቤዛ ገዝቶ መመለስ በሕጉ ነፃ አያወጣም። ሳውዝ ዳኮታ ውስጥ ለመጠቀም የገባ ዕቃ ታክስ ካልተከፈለበት ዩዝ ታክስ አለበት። ተመኑም ከሴልስ ታክሱ እኩል ነው።

ድንበር_ተሻጋሪ

ትልቁ ስህተት የሚፈጠረው ቤት አንድ ስቴት፣ ሥራ ሌላ ስቴት ሲሆን ነው። የምትኖረው ሱ ፎልስ ሆኖ የምትሠራው ሉቨርን ከሆነ ሚኒሶታ እዚያ የሠራህበትን ደመወዝ ታክስ ታደርጋለች። የምትኖረው ኖርዝ ሱ ሲቲ ወይም ዳኮታ ዱንስ ሆኖ የምትሠራው አዮዋ ውስጥ ከሆነ አዮዋ ትወስዳለች፤ ከ2025 ጀምሮ ለሁሉም 3.8 በመቶ ነው። ኔብራስካ ዳኮታ ሲቲ ያሉ ፋብሪካዎች የሚሠራም ለኔብራስካ ይከፍላል። አድራሻህ ሳውዝ ዳኮታ መሆኑ ከዚህ አያድንህም።

ሌላ ኢንካም ታክስ ያለው ስቴት ነዋሪ ቢሆን ለሥራ ቦታው የከፈለውን በቤቱ ታክስ ላይ ያቀናንሳል። የሳውዝ ዳኮታ ነዋሪ የሚያቀናንስበት ነገር የለውም። ስለዚህ ድንበር እያቋረጠ የሚሠራ ሰው ከሁለቱም ይከፍላል፤ ለሥራ ቦታው ኢንካም ታክስ፣ ለመኖሪያው ሴልስ ታክስ።

አሁን ወደ ፎርሙ። ሚኒሶታ ከሚቺጋንና ከኖርዝ ዳኮታ ጋር ብቻ ስምምነት አላት። ለእነዚያ ነዋሪዎች «ኤም-ደብልዩ-አር» የሚባል ፎርም አለ፤ ሞልተው ለአሠሪ ሲሰጡ የሚኒሶታ ታክስ አይቆረጥም። ይህን ፎርም የሳውዝ ዳኮታ ነዋሪ መሙላት አይችልም። ከሥራ ባልደረባ አይቶ የሚሞላ ሰው አለ። ስቴቱ ኋላ ሲያጣራ ያልተቆረጠው ታክስ ከወለድና ከቅጣት ጋር ይመጣል። ትክክለኛው መንገድ አሠሪው እንዲቆርጥ መፍቀድና በዓመቱ መጨረሻ ኤም1 ከኤም1ኤንአር ጋር ፋይል ማድረግ ነው። ኤም1ኤንአር ከገቢው የትኛው እጅ የሚኒሶታ እንደሆነ የሚያሰላው ነው። ለአዮዋ ሲሆን ደግሞ ነዋሪ ያልሆነ ሰው አይኤ 1040 ላይ አይኤ 126ን ያያይዛል። አዮዋም ስምምነት ያላት ከኢሊኖይ ጋር ብቻ ነው።

ብሩክታዊት_ኦንላይን

ከቤት ለሚሠራስ? አሠሪው ሚኒያፖሊስ፣ ኮምፒውተሩ ሱ ፎልስ።

ድንበር_ተሻጋሪ

ብሩክታዊት፣ እሱ ይለያል። ነዋሪ ላልሆነ ሰው ሚኒሶታ የምታየው ሥራው በአካል የተሠራበትን ቦታ ነው። ሙሉ ዓመቱን ሱ ፎልስ ተቀምጣ የሠራች ሰው ለሚኒሶታ የምትከፍለው የለም። ችግሩ ፔይሮል ክፍሉ በልማድ የሚኒሶታ ታክስ መቁረጡ ነው። መጀመሪያ የሥራ ቦታ አድራሻሽን በጽሑፍ አስቀይሪ። የተቆረጠው ካለፈ ደግሞ ደብልዩ-2 ሣጥን 16 ላይ የሚኒሶታ ደመወዝ ተብሎ የተጻፈውን ተመልከቺ። የተሳሳተ ከሆነ አሠሪው የታረመ ደብልዩ-2ሲ እንዲሰጥሽ ጠይቂ፤ እምቢ ካለ ሥራው የተሠራው ከሚኒሶታ ውጭ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ አጽፊ። ከዚያ ኤም1ን ከኤም1ኤንአር ጋር አስገብተሽ ትመልሻለሽ። ያለ ደብዳቤ ከላክሽው ሣጥን 16 ከሞላሽው ጋር ስለማይገጥም ያዘገዩታል።

ሦስት ቀን ቢሮ፣ ሁለት ቀን ቤት የሚሠራ ሰው በቀናት ያካፍላል። ካላንደር መያዝ ግድ ነው።

ባለ_ትራክ

የከባድ መኪና ሾፌሮች ብዙ ስለሆንን ይሄ ይጻፍ። በደመወዝ ተቀጥሮ ከአንድ በላይ ስቴት እየዞረ በመደበኛነት የሚነዳ ሰውን ኢንካም ታክስ ማስከፈል የሚችለው የሚኖርበት ስቴት ብቻ ነው። የፌደራል ሕግ ነው። ካምፓኒው ሚኒሶታ ቢሆንም ሾፌሩ እውነተኛ የሳውዝ ዳኮታ ነዋሪ ከሆነ የሚኒሶታ ታክስ ሊቆረጥበት አይገባም።

«እውነተኛ» ያልኩት ምክንያት አለኝ። ሳውዝ ዳኮታ ውስጥ የፖስታ ሣጥን ተከራይቶ፣ መንጃ ፈቃድ አውጥቶ፣ ሚስትና ልጆቹ ግን ሴንት ፖል የሚኖሩ ሰው የሳውዝ ዳኮታ ነዋሪ ሆንኩ ቢል አይጸናም። ሚኒሶታ የምታየው ቋሚ መኖሪያ የሚባለውን ነው፤ ቤተሰብህ የት ነው፣ ልጆች የት ይማራሉ፣ ለምርጫ የት ተመዘገብክ፣ ቤትህ የት ነው። ቋሚ መኖሪያው ሌላ ስቴት የሆነም ቢሆን ሚኒሶታ ውስጥ ቤት ኖሮት በዓመት 183 ቀን ወይም ከዚያ በላይ እዚያ ካሳለፈ ነዋሪ ይባላል። በዚህ የተያዘ ሰው የብዙ ዓመት ታክስ ከነወለዱ ሊጠየቅ ይችላል።

የራሱ መኪና ላለው ደግሞ፣ ናፍጣ ርካሽ ከሆነበት ስቴት መቅዳት የነዳጅ ታክሱን አያስቀርም። ኢፍታ (ስቴቶች የከባድ መኪና ነዳጅ ታክስ የሚካፈሉበት ስምምነት) ታክሱን የሚያሰላው በየስቴቱ በተነዳው ማይል ነው። ዋጋ ስታወዳድሩ ታክሱን ቀንሳችሁ አወዳድሩ።

የሊንከን_ካውንቲ

ቤት ለገዛችሁና ለምትገዙ። ከሁሉም በፊት መያዝ ያለበት ቀን ማርች 15 ነው።

ቤቱ ውስጥ ባለቤቱ ራሱ ከኖረ «ኦነር ኦኪዩፓይድ» የሚባል ምድብ ውስጥ ይገባል። ይህ በራሱ አይመጣም። ዳይሬክተር ኦፍ ኢኳላይዜሽን የሚባለው የካውንቲው ገማች ቢሮ ጋ ማመልከት ያስፈልጋል። እስከ ኖቬምበር 1 ቤቱን ገዝታችሁ ገብታችሁበት ከሆነ እስከ ተከታዩ ማርች 15 ታመለክታላችሁ። አንዴ ከተፈቀደ ቤቱን እስካልቀየራችሁ ድረስ ይቀጥላል። የቀድሞው ባለቤት ያመለከተው ግን ለእናንተ አይሆንም፤ የራሳችሁን አስገቡ።

ያላመለከተ ሰው ምን ያጣል? ትልቁ ልዩነት ያለው የትምህርት ቤት አጠቃላይ ፈንድ ላይ ነው። በቅርብ ዓመታት «ሌላ» የሚባለው ምድብ ተመን ከባለቤት ኗሪው እጥፍ ገደማ ነበር፤ በየሺህ ዶላሩ ወደ 3 ዶላር ይበልጣል። 300 ሺህ ዶላር የሚያወጣ ቤት ለታክስ የሚቆጠረው በ85 በመቶ ነው፣ 255 ሺህ ማለት ነው። 255 ሲባዛ በ3፣ በዓመት 765 ዶላር። አንድ ገጽ ፎርም ባለመሙላት የሚጠፋ ገንዘብ ነው።

ቤዝመንት አከራይቶ ላይ የሚኖር ሰው፣ ከመኖሪያው ግማሽና ከዚያ በላይ ራሱ ከያዘ ቤቱ በሙሉ በምድቡ ይገባል። ከግማሽ በታች ከሆነ የሚገባው የያዘው ክፍል ብቻ ነው።

ሰናይት_ሞርጌጅ

የሊንከን ካውንቲ፣ አመሰግናለሁ። አዲስ የተሠራ ቤት በሃሪስበርግ፣ በቲ እና በሱ ፎልስ ደቡብ ለሚገዙ ይህን ልጨምር፣ ምክንያቱም ሰው ቤቱን እስከ ማጣት የሚጨነቀው እዚህ ላይ ነው።

ሳውዝ ዳኮታ ፕሮፐርቲ ታክስ የሚከፈለው አንድ ዓመት ወደ ኋላ ነው። የ2025 ታክስ በ2026 ይከፈላል፤ ግማሹ እስከ ኤፕሪል 30፣ ግማሹ እስከ ኦክቶበር 31። ንብረቱ የሚገመተው ደግሞ ከዚያም በፊት፣ ኖቬምበር 1 ላይ እንዳለበት ሁኔታ ነው። በኖቬምበር 1፣ 2024 ባዶ መሬት የነበረ ቦታ ላይ በ2025 ቤት ተሠርቶ ቢሸጥ፣ በ2026 የሚመጣው ሒሳብ የባዶው መሬት ነው። የሙሉው ቤት ሒሳብ የሚመጣው በ2027 ነው።

ባንኩ ኤስክሮውን (ለታክስና ለኢንሹራንስ ብሎ በየወሩ ከሞርጌጁ ጋር የሚሰበስበውን ገንዘብ) በባዶው መሬት ታክስ ከሠራው ወርሃዊ ክፍያው በጣም ዝቅ ያለ ይመስላል። የመሬቱ ታክስ 800፣ የሙሉው ቤት 3,800 ነው እንበል። ባንኩ 3,800 ሲከፍል የተጠራቀመው 800 ብቻ ነው። የጎደለውን 3,000 በ12 ወር ያስመልሳል፣ በወር 250። ለሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ትክክለኛውን መሰብሰብ ይጀምራል፣ ሌላ 250። በአንድ ደብዳቤ ወርሃዊ ክፍያው 500 ዶላር ጨመረ ማለት ነው።

መከላከያው ቀላል ነው። ከመፈረማችሁ በፊት ለሎን ኦፊሰሩ «ኤስክሮው የተሰላው በመሬቱ ነው ወይስ በተጠናቀቀው ቤት?» ብላችሁ ጠይቁ። በመሬቱ ከሆነ በተጠናቀቀው እንዲያደርጉት በጽሑፍ ጠይቁ፤ እምቢ ካሉ ልዩነቱን በየወሩ ለብቻ አስቀምጡ። ሌላው፣ ታክሱ ወደ ኋላ ስለሚከፈል ሻጩ የኖረበትን ጊዜ ታክስ በክሎዚንግ ለገዢው ይሰጣል። ያ ገንዘብ ከክፍያው ላይ ስለሚቀነስ ስጦታ ይመስላል፣ ግን ኋላ የሚመጣ ዕዳ ነው።

ደረሰኝ_ያዥ

ሰናይት፣ የቤት ግምት ሲጨምርስ? በየማርቹ ደብዳቤ ሲመጣ ሰው ሁሉ ይደነግጣል።

የሊንከን_ካውንቲ

ደብዳቤው እስከ ማርች 1 ይላካል። ላዩ ላይ ያለው የቤቱ ግምት እንጂ ታክሱ አይደለም። ካውንቲና ከተማ በአንድ ዓመት ከንብረት የሚሰበስቡት ጠቅላላ ገንዘብ ሊያድግ የሚችለው በዋጋ ግሽበቱ ወይም በ3 በመቶ፣ ከሁለቱ ባነሰው ነው፤ አዲስ ግንባታ ከዚያ ውጭ ይጨመራል። የሁሉም ሰው ቤት እኩል 10 በመቶ ቢያድግ ተመኑ ይወርዳል፣ ታክሱም በዚያ ልክ አይዘልም። የእናንተ ቤት 20፣ የጎረቤት 5 ቢያድግ ግን የእናንተ ድርሻ ይከብዳል። በ2025 የወጣው ሕግ የባለቤት ኗሪ ቤቶች ግምት ዕድገትን በካውንቲ ደረጃ በዓመት 3 በመቶ ላይ ገድቧል። በካውንቲ ደረጃ የሚለውን ልብ በሉ፤ አንድ ነጠላ ቤት ከዚያ በላይ ሊያድግ ይችላል።

ይግባኝ የሚሉ ሰዎች የሚሸነፉት «ታክሱ በዛብኝ» ብለው ስለሚቀርቡ ነው። ቦርዱ ታክስ መቀነስ አይችልም፤ የሚያየው ግምቱ ከገበያ ዋጋ ጋር መግጠሙን ነው። መጀመሪያ የንብረታችሁን መዝገብ ካርድ ከገማቹ ቢሮ ውሰዱ። ስኩዌር ፊቱ ትክክል ነው? ያልተጨረሰ ቤዝመንት የተጨረሰ ተብሎ ተጽፏል? የሌለ መታጠቢያ ቤት ተቆጥሯል? ይህ ከሆነ ብዙ ጊዜ ወደ ቦርድ ሳይኬድ እዚያው ይታረማል። ካልሆነ ከኖቬምበር 1 በፊት የተሸጡ ሦስት ወይም አራት ተመሳሳይ ቤቶች ዋጋ ይዛችሁ ቅረቡ። ቀኑ አጭር ነው፣ ከማርች አጋማሽ እስከ ኤፕሪል መጀመሪያ ያልቃል። የእናንተ ቀን ደብዳቤው ላይ ተጽፏል።

ገጠር_ነዋሪ

ሁሉም ስለ ሱ ፎልስ ሆነ። ከከተማ ክልል ውጭ ያለውም ይነገር።

ከከተማ ክልል ውጭ የሚኖር ሰው ቤቱ ድረስ ለሚላክለት ዕቃ የሚከፍለው የስቴቱን 4.2 ብቻ ነው፤ ታክሱ የሚሰላው ዕቃው በሚደርስበት ቦታ ነው። ነገር ግን ብዙ የገጠር ቤት ፖስታው «ሱ ፎልስ» ተብሎ ነው የሚጻፈው። በዚፕ ኮድ ብቻ የሚያሰሉ ሻጮች 6.2 ያስከፍላሉ። የስቴቱ ገቢዎች መምሪያ ድረ ገጽ ላይ አድራሻ አስገብቶ ተመኑን ማየት ይቻላል፤ ያንን ይዞ ሻጩን ተመላሽ መጠየቅ ነው። እንደ ስልክና ኢንተርኔት ያሉ በየወሩ የሚመጡ ሒሳቦች ላይ በተለይ ይታይ። ኦንላይን ሻጮች ታክሱን የሚሰበስቡት ሳውዝ ዳኮታ ራሷ በ2018 ዌይፌር የሚባለውን የኦንላይን ሻጭ በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ካሸነፈች በኋላ ነው።

ቁጠባው ግን በቤንዚን ይመለሳል። የስቴቱ የነዳጅ ታክስ በጋሎን 28 ሳንቲም ነው። ለሥራ፣ ለሐኪምና ለአስቤዛ በየቀኑ 60 ማይል የሚነዳ ሰው ከከተማው ሰው እጥፍና ከዚያ በላይ ይከፍላል።

ትንሽ ከተማ ውስጥ ደግሞ «ኦፕት አውት» የሚባለውን ተከታተሉ። የትምህርት ቤቱ ቦርድ ከተፈቀደው ጣሪያ በላይ ለመሰብሰብ ሲወስን በአካባቢው ጋዜጣ ያወጣል። በ20 ቀን ውስጥ ከተመዘገቡት መራጮች 5 በመቶ ከፈረሙ ለድምፅ ይቀርባል፤ ካልፈረሙ ያለ ድምፅ ያልፋል። 400 ቤት ባለበት ወረዳ ውስጥ እያንዳንዱ ቤት የሚሸከመው ከፍተኛ ነው። እኔ ኦፕት አውት ሁሉ መጥፎ ነው አልልም። ተማሪ ያነሰበት ትምህርት ቤት ያለዚያ ይዘጋል፣ ልጆችም 40 ማይል በአውቶቡስ ይጓዛሉ። ሰው ግን አውቆ ይወስን።

የእርሻ መሬት የሚታክሰው በሽያጭ ዋጋው አይደለም፣ ሊያመርት በሚችለው ነው። የስምንት ዓመት የምርት ዋጋ ተወስዶ ከፍተኛውና ዝቅተኛው ይወጣል፤ የቀረው ተሰልቶ በ6.6 በመቶ ይካፈላል። ስለዚህ የበቆሎ ዋጋ ሲወድቅ የመሬቱ ታክስ ወዲያው አይወድቅም፣ ዓመታት ይዘገያል።

ባለ_ትራክ

የቤት መኪና ስትገዙ ሴልስ ታክስ አይደለም የሚከፈለው፣ 4 በመቶ ኤክሳይዝ ነው። 18 ሺህ ዶላር መኪና 720። ትሬድ ኢን የሰጣችሁት ዋጋ መጀመሪያ ይቀነሳል። ከግለሰብ ከገዛችሁ በ45 ቀን ውስጥ ቲትሉን ካውንቲ ትሬዠረር ጋ አዛውሩ፤ ዋጋው የተጻፈበት ቢል ኦፍ ሴል ያዙ። በባልና ሚስት፣ በወላጅና ልጅ፣ በወንድምና እህት መካከል ያለ ክፍያ የተሰጠ መኪና ነፃ ነው። ሞዴሉ 11 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው፣ ዋጋውም ከ2,500 ያልበለጠ እንዲሁ ነፃ ነው።

ጽዳት_እና_ቀለም

የራሳችሁን ሥራ ለምትጀምሩ። ሳውዝ ዳኮታ አገልግሎትንም ታክስ ታደርጋለች፤ ብዙ ስቴት ይህን አያደርግም። የቢሮ ጽዳት፣ የጸጉር ሥራ፣ የመኪና ጥገና ሁሉም ሴልስ ታክስ አለበት። ፈቃዱ በነፃ ነው። በወር 2,000 ዶላር ለቢሮ ጽዳት ከተዋዋላችሁ ኢንቮይሱ ላይ 124 ዶላር ትጨምራላችሁ። ካልጨመራችሁ ስቴቱ ከእናንተ ይወስደዋል፤ ደንበኛው ኋላ እንዲከፍል ማድረግ ከባድ ነው። ሪተርኑ በተከታዩ ወር እስከ 20ኛው ቀን ነው። ሥራ ባልነበረበት ወርም ዜሮ ብላችሁ አስገቡ፣ አለዚያ ቅጣት ይመጣል።

ቀለም መቀባት፣ ድራይዎል፣ ጣሪያ ግን ሌላ መስመር ናቸው። ኮንትራክተርስ ኤክሳይዝ ይባላል፣ 2 በመቶ ነው። ደንበኛው ላይ መጨመር ይቻላል። ታክሱ ራሱ ከገቢው ስለሚቆጠር የሚጨመረው 2.041 በመቶ ነው፤ በ10 ሺህ ሥራ 204.10 ዶላር። 200 ብቻ ከጨመራችሁ ልዩነቱ ከኪሳችሁ ይወጣል። ቀለሙንና ድራይዎሉን ስትገዙም ሴልስ ታክስ ትከፍላላችሁ። አንድ ሰው ጽዳትም ቀለምም የሚሠራ ከሆነ ሁለቱን ለየብቻ ይመዝግብ።

መስፍን_ዘወርቲንግተን

የከፈልነውን ሴልስ ታክስ ከፌደራሉ መቀነስ ይቻላል የሚባለው እውነት ነው?

ሒሳብ_በእርሳስ

ሕጉ ይፈቅዳል። ስኬጁል ኤ (ወጪዎች በዝርዝር የሚቀነሱበት የፌደራል ፎርም) ላይ መስመር 5ኤ በኢንካም ታክስ ፋንታ ሴልስ ታክስን መምረጥ ይቻላል፤ ደረሰኝ ካልያዛችሁ የአይአርኤስን ሰንጠረዥ ተጠቅማችሁ የመኪናውን ታክስ ትጨምራላችሁ። ለ2025 የስቴትና የአካባቢ ታክስ ጣሪያው 40 ሺህ ዶላር ሆኗል። ግን በዝርዝር መቀነስ የሚጠቅመው ድምሩ ከስታንዳርድ ዲዳክሽኑ ሲበልጥ ነው፤ እሱ ደግሞ ለባልና ሚስት 31,500 ነው። ፕሮፐርቲ ታክስ 3,200፣ ሴልስ ታክስ 1,200፣ የሞርጌጅ ወለድ 14,000 ያለው ቤተሰብ 18,400 ላይ ነው የሚደርሰው። ስታንዳርዱ ይበልጠዋል። ይህን አስገብቼ ብዙ አስመልስላችኋለሁ የሚል ታክስ ሠሪ ቢያጋጥማችሁ ሌሎቹን መስመሮች በምን እንደሞላ ጠይቁት፤ የሌለ ልገሳ ከጻፈ ተጠያቂው የፈረመው ነው።

ወለላ_ሱፎልስ

እናትና አባት ከአገር ቤት መጥተው አብረዋችሁ ለሚኖሩ አንድ ልጨምር። ዕድሜያቸው 66 የሞላ ወይም የአካል ጉዳት ያለባቸው፣ ያለፈውን ዓመት በሙሉ ሳውዝ ዳኮታ የኖሩ፣ ገቢያቸውም ከተቀመጠው በታች የሆነ ሰዎች ከከፈሉት ሴልስ ወይም ፕሮፐርቲ ታክስ ላይ ተመላሽ ማመልከት ይችላሉ። ጊዜው ከሜይ 1 እስከ ጁላይ 1 ነው፣ በየዓመቱ እንደ አዲስ ይሞላል። የገቢ ጣሪያው ላይ የቤተሰቡ ብዛትም ስለሚታይ ከልጅ ጋር የሚኖር ወላጅ አያልፍ ይሆናል፣ ቢሆንም መጠየቅ ገንዘብ አይጠይቅም። ቤቱ በስማቸው ሆኖ 65 ለሞላቸው ደግሞ የግምት ማገጃ (የቤቱ ግምት ለታክስ እንዳይጨምር የሚያደርግ) አለ፤ እሱ እስከ ኤፕሪል 1 ለካውንቲው ትሬዠረር ነው የሚገባው።

ብሩክታዊት_ኦንላይን

ፎርሙን በአማርኛ የሚያስረዳ ሰው ይኖራል?

ወለላ_ሱፎልስ

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሚደረገው የታክስ ጠረጴዛ ላይ የሚያግዙ አሉ። ለተመላሹ ይዘው የሚመጡት የባለፈው ዓመት የገቢ ማስረጃ በሙሉ (ሶሻል ሴኩሪቲ፣ ኤስኤስአይ፣ ጡረታ)፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርና ቤት ካላቸው የፕሮፐርቲ ታክስ ደረሰኙን ነው። ለአካል ጉዳት የሚያመለክት ሰው የጉዳቱን ማረጋገጫም ይጨምር፤ እሱ ሲጎድል ነው ማመልከቻው ተመልሶ ጁላይ 1 የሚያልፈው።